መጽሐፍ የሚገባልን ቃል

በደሴ ከተማ ለንባብ ወዳጆች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤

ለዚህ ምሽት የጋበዙኝ ወዳጆቼ ያቀረቡልኝ ጥያቄ አጭር ነበር፤ በቅርቡ አንብበህ የጨረስከው ምንድን ነው፣ ስለ እርሱስ ምን ትላለህ የሚል። ባለፈው ክረምት ጦሳ በጭጋግ ተሸፍኖ፣ ከተማችን ቀኑን ሙሉ በካፊያ ስትርስ በምትውልባቸው ሳምንታት አራት መጻሕፍት በእንግሊዝኛ አንብቤ ጨርሻለሁ። ሁለቱ ምናባዊ ልብ ወለዶች፣ ወጣቶቻችን እንደሚሉት ፋንታሲ ናቸው። የቀሩት ሁለቱ ኢ-ልብ ወለድ ሲሆኑ የሚናገሩት ስለ አገራችን ነው፤ ሁለቱም በየመንገዳቸው ወሎን ይነካሉ። አራቱን አከታትዬ በማንበቤ፣ እያንዳንዱን ለብቻው ባነብ ኖሮ የማላስተውለው አንድ ነገር ታይቶኛል። ዛሬ አስተያየቴን ከዚያ ነገር ጋር አያይዤ አቀርብላችኋለሁ።

ልጅ ሳለሁ አያቴ ከእራት በኋላ ከምድጃው ዳር ተቀምጠው “ተረት ተረት” ሲሉ እኛ የልጅ ልጆቻቸው “የላም በረት” ብለን በአንድ ድምፅ እንመልስ ነበር። ያ ምልልስ በእርሳቸውና በእኛ መካከል የሚታሰር ውል መሆኑ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። እርሳቸው በዓይናቸው ያላዩትን ሊነግሩን እንደሆነ ያስታውቁናል፤ እኛም ጅቡ እንዲናገር፣ ጦጣዋም ዳኛ ሆና እንድትፈርድ እንፈቅድላቸዋለን። ሲጨርሱ “ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ” ብለው ውሉን ይፈቱታል። እኚሁ አያቴ ስለ ክፉ ዘመን ሲያወሩ ግን አነጋገራቸው ሌላ ነበር። ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ ነገሩን ከማን እንደ ሰሙ በስም ይጠራሉ፤ ራሳቸው ያዩትንም የት ቆመው እንዳዩት ሳይናገሩ አያልፉም። ፊደል ያልቆጠሩ ሴት ነበሩ፤ ነገር ግን የልብ ወለድንና የኢ-ልብ ወለድን ልዩነት ከእርሳቸው የተሻለ ያስረዳኝ ሰው የለም።

ይህ ልማድ በጽሑፍም አለን። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ያሳተመው መጽሐፍ ርእሱ “ልብ ወለድ ታሪክ” ነበር፤ ታሪኩ ከልብ የተወለደ መሆኑን ከሽፋኑ ላይ ተናግሮ ነው የገባው። ያ ስያሜ ዛሬ የአንድ የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ መጠሪያ ሆኖ ስለምንጠቀምበት በውስጡ ያለውን መናዘዝ ረስተነዋል። እኔ ግን ባለፈው ክረምት ደጋግሜ አስታውሼዋለሁ፤ አራቱን መጻሕፍት የመዘንኩትም ከመጀመሪያው ገጽ ምን ቃል እንደ ገቡልኝ፣ የገቡትንም ቃል እስከ መጨረሻው ጠብቀው እንደሆነ በመጠየቅ ነው።

የመጀመሪያው መጽሐፍ አሜሪካዊቷ ኡርሱላ ለ ጉዊን እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተመችው፣ “የኧርዝሲ ባለ አስማት” ብዬ የምተረጉመው ነው። በርእሱ አተረጓጎም ላይ ብዙ አመንትቻለሁ። “ጠንቋይ” ብንለው ቃሉ በእኛ ዘንድ የተሸከመው ነቀፋ ገና ከሽፋኑ ላይ ባለታሪኩን ይኰንነዋል። “ጥበበኛ” ብንለው ደግሞ ሰውየው የሚሠራው ሥራ ይጠፋል። ስለዚህ “ባለ አስማት” አልኩት፤ ይህን ቃል ስመርጥም ቋንቋችን ሳልጠብቀው አንድ ስጦታ ሰጠኝ።

ታሪኩ የሚፈጸመው በባሕር ላይ በተበተኑ ደሴቶች በተሠራ ዓለም ነው። ጎንት በምትባል ተራራማ ደሴት ላይ ዱኒ የተባለ፣ እናቱ የሞተችበት ልጅ ፍየል ይጠብቃል። አንድ ቀን አክስቱ ፍየል ስትጠራ የሰማውን ቃል፣ ትርጉሙን ሳያውቅ፣ ደግሞ ይናገረዋል። ፍየሎቹ በአንድነት እየሮጡ መጥተው ይከብቡታል፤ ቀንዳቸውና ሽታቸው ያስጨንቀዋል፤ ማሰናበቻውን አያውቅምና እንደ ከበቡት ወደ መንደሩ እየሮጠ ይገባል። በልጅነቱ ከብት የጠበቀ ሰው ይህን ትዕይንት በቀላሉ አይረሳውም። መጥሪያውን አውቆ ማሰናበቻውን አለማወቅ የመጽሐፉ ጉዳይ ሁሉ ነው፤ ደራሲዋ ግን አንድም ጊዜ እንዲህ ነው ብላ አላብራራችውም። ልጁንና ፍየሎቹን አሳይታን ታልፋለች።

በዚያ ዓለም ምትሃት ማለት የነገሮችን እውነተኛ ስም ማወቅ ነው። የድንጋዩን እውነተኛ ስም የሚያውቅ ድንጋዩን ያዛል፤ የሰውን እውነተኛ ስም የሚያውቅም በሰውየው ሕይወት ላይ ሥልጣን አለው። ስለዚህ ሰው ሁሉ ለመንገድ መጠሪያ የሚሆን ሌላ ስም ይይዛል፤ እውነተኛውን የሚያውቁት እርሱ፣ ስሙን ያወጣለትና ነፍሱን የሚያምናቸው ጥቂቶች ብቻ ናቸው። ዱኒ በ13 ዓመቱ ከመምህሩ ከኦጊዮን ጌድ የሚል ስም ተቀብሏል፤ ሰው የሚጠራው ግን በአንዲት የጭልፊት ዓይነት ስም ነው።

እዚህ ላይ መጽሐፉን አጥፌ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥሁ። ግእዝ የተማራችሁ እንደምታውቁት “አስማት” የ“ስም” ብዙ ቁጥር ነው፤ ስሞች ማለት ነው። እኛ ምትሃትን ስንጠራው የኖርነው ስሞች ብለን ነው። አንዲት አሜሪካዊት ደራሲ በመላ ዓለም ታሪኳ ላይ የዘረጋችውን ሐሳብ የእኛ ቋንቋ በአንድ ቃል ይዞት ኖሯል። በሐሳብ ብቻም አይደለም። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ስትጠመቅ የሚሰጠው የክርስትና ስም ለጸሎትና ለፍትሐት እንጂ በሰፈር ለመጠራት የማይውለው፣ እናቶቻችንም ለማያምኑት ሰው የማይናገሩት ስለ ምን እንደሆነ በዚህ አዳራሽ ላለ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም። ለእንግሊዝኛ አንባቢ እንግዳ የሆነው የኧርዝሲ ሕግ ለወሎ አንባቢ የቤቱ ወግ ነው። ይህ መጽሐፍ በሚገባ ወደ አማርኛ ቢመለስ ከመነሻው የበለጠ የሚደምቅ ይመስለኛል፤ ስለ ትርጉም እንዲህ ለማለት የምደፍርባቸው መጻሕፍት ብዙ አይደሉም።

ለ ጉዊን የገባችውን ቃል ጠብቃለች። ያልነበረ ዓለም ልንገራችሁ ካለች በኋላ ለዚያ ዓለም ሕግ አበጀችለት፣ ሕጉንም በባለታሪኳ ላይ እንኳ አላላላችም። ጌድ ሮክ በምትባል ደሴት ባለው ትምህርት ቤት ሲማር አንዱን ባላንጣውን ለማዋረድ ብሎ ከሞት ዓለም ነፍስ ይጠራል፤ በከፈተው ቀዳዳ ስም የሌለው ጥላ ይወጣል፤ ቀዳዳውን ለመዝጋትም የትምህርት ቤቱ አዛውንት አለቃ ሕይወቱን ይከፍላል። ልጁ ፊቱ ላይ ጠባሳ ይዞ ይተርፋል፤ ጥላውም በየደሴቱ ያሳድደዋል። በዚህ ዓለም ያለ ዋጋ የሚደረግ ነገር የለም። ከሮክ መምህራን አንዱ፣ በሮክ የሚዘንብ ዝናብ ኦስኪል በተባለች ሌላ ደሴት ድርቅ ሊሆን እንደሚችል ተማሪዎቹን ያስጠነቅቃል። ይህን ነገር በአእምሯችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ ስለ ደሴ ገበያ ስናገር እመለስበታለሁና።

ቅሬታም አለኝ። ልጁን የመጀመሪያውን ቃል ያስተማረችው አክስቱ ናት፤ መጽሐፉ ግን እርሷንና የእርሷን መሰል ሴቶች ዕውቀት እንደ ተራ ነገር ያሳንሰዋል፤ ሮክ የሚገቡትም ወንዶች ብቻ ናቸው። በእኛ አገር ቅጠሉንና ሥሩን፣ ወላድንና አራስን የሚያውቁት እናቶች እነማን እንደሆኑ ለምናውቅ ይህ ያስከፋል። ደራሲዋ ራሷ ይህን አልተወችውም፤ ከ22 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1990፣ “ተሃኑ” በተባለው መጽሐፏ ወደ ጎንት ደሴት ተመልሳ ዓለሟን ከሴቶች ጎጆ ሆና አይታዋለች። የራስን ሥራ እንዲህ መመርመር ያስከብራል። ሌላም ላክል፤ ጌድ መልኩ የቀይ ዳማ ነው፤ የአብዛኞቹ ደሴቶች ሕዝብም እንዲሁ ጠይምና ጥቁር ነው። በ1968 ለልጆች የሚጻፍ የምናብ ጀግና እንዲህ ያለ መልክ እንዲይዝ ማድረግ ድፍረት ይጠይቅ ነበር። ጥላው በመጨረሻ በምን ስም እንደ ተጠራ ግን ከእኔ አትሰሙም፤ እርሱን ከመጽሐፉ ራሱ ማግኘት የአንባቢው መብት ነው።

ሁለተኛው እንግሊዛዊቷ ሱዛና ክላርክ እ.ኤ.አ. በ2020 ያሳተመችው “ፒራኔሲ” ነው፤ በማግሥቱ ዓመት በእንግሊዝ አገር ለሴት ደራስያን የሚሰጠውን ትልቅ የልብ ወለድ ሽልማት አግኝቷል። ስሙ በ18ኛው መቶ ዓመት የምናብ እስር ቤቶችን ከሣለው ኢጣሊያዊ ሠዓሊ የተወሰደ ነው። ባለታሪኩ የሚኖረው ማለቂያ በሌለው ቤት ውስጥ ነው። አዳራሹ በአዳራሽ ይቀጥላል፤ በየአዳራሹ የድንጋይ ሐውልቶች ቆመዋል፤ በታችኛው ፎቅ ባሕር ይገባል ይወጣል፤ በላይኛው ደመና ያልፋል። ይህ ሰው እስካሁን በዓለም ላይ የኖሩት ሰዎች 15 ብቻ እንደሆኑ ያምናል፤ ከእነርሱም 13ቱ ሙታን ናቸው። አጥንታቸውን ይንከባከባል፣ ምግብና መጠጥ፣ የውሃ አበባም ይወስድላቸዋል። ያነበብኩት ተዝካርም ሰደቃም በአንድ ሰፈር በሚወጣበት አገር ተቀምጬ ነውና ይህ ክፍል ልቤን ነክቶታል።

ከሁሉ በላይ የወደድኩት ግን ሰውየው ዓመታትን በቁጥር አለመጥራቱን ነው። አንዱን ዓመት፣ አልባትሮስ የተባለ ታላቅ የባሕር ወፍ ወደ ደቡብ ምዕራብ አዳራሾች የመጣበት ዓመት ብሎ ይጠራዋል። ዘመናችንን ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ እያልን ለምናፈራርቅ፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለውን ክፉ ቀን ብለን ለምንጠራ፣ “ሰባ ሰባት” ሲባልም ቁጥሩን ሳይሆን የ1977ን ረሃብ ለምንሰማ ሰዎች ይህ አቆጣጠር የተለመደ ነው። ሰውየው ማስታወሻ ይጽፋል፤ ለማስታወሻዎቹም ማውጫ ያዘጋጃል። አንድ ቀን በማውጫው ውስጥ በራሱ የእጅ ጽሑፍ የተጻፈ፣ እርሱ ግን ጨርሶ የማያስታውሰው ነገር ያገኛል። ከዚያ በኋላ የሚያደርገው ነው ይህን መጽሐፍ በዛሬው ንግግሬ ውስጥ ያስገባው። አይናደድም፤ ጽሑፉን ሐሰት ነው ብሎም አይቀድደውም። የቀኑን ቅደም ተከተል ያስተያያል፣ የተገነጠሉትን ገጾች ይቆጥራል፣ የእጅ ጽሑፉን ይመረምራል፤ የሚያምነውን ሁሉ የሚያፈርስ ቢሆንም ማስረጃው ወደሚወስደው ይሄዳል። ምንም እውነት ያልሆነ ነገር ባለበት መጽሐፍ ውስጥ እውነትን ስለ መፈለግ እንዲህ ያለ ትምህርት አገኛለሁ ብዬ አልጠበቅሁም። ምስጢሩ ሲገለጥ የሚመጡት ክፉ ሰዎች ግን ሳስተውብኛል፤ ያንን የሚያህል ቤት ያነጸች ደራሲ ለእነርሱም የሚመጥን ነፍስ ብትሰጣቸው እመኝ ነበር።

አሁን ወደ ሦስተኛው ልለፍ። እዚህ ላይ ልቤ እንደማይረጋ አስቀድሜ እናገራለሁ። ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሺቺንስኪ እ.ኤ.አ. በ1978 በቋንቋው ያሳተመው፣ በ1983 ወደ እንግሊዝኛ የተመለሰው “ንጉሠ ነገሥቱ” የተባለው መጽሐፍ ስለ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥትና ስለ አወዳደቁ ይተርካል። በዓለም ላይ ስለ ኢትዮጵያ ከተጻፉት መጻሕፍት እጅግ ከተነበቡት አንዱ ነው። የተጻፈውም በታላቅ ችሎታ ነው፤ በሁለት ሌሊት ጨረስኩት፤ ዓረፍተ ነገሩ ይስባል፣ የቤተ መንግሥቱ ፍርሃትና ሽኩቻ ይታያል፣ የሥልጣን ብቸኝነትም ይሰማል።

ደራሲው ከአብዮቱ በኋላ አዲስ አበባ ገብቶ የቀድሞ የቤተ መንግሥት ሰዎችን በድብቅ እያገኘ እንዳነጋገረ ይነግረናል፤ ተናጋሪዎቹንም በስማቸው የመጀመሪያ ፊደላት ብቻ ይጠራቸዋል። ምክንያቱን እቀበላለሁ፤ በዚያ ዘመን ስም መጥራት ሰውን ለእስርና ለሞት መስጠት ነበር። የማልቀበለው በዚያ መጋረጃ ሥር የገባውን ነው። የተናጋሪዎቹን ቃል በልቤ ወደ አማርኛ መልሼ ለማንበብ ሞከርኩ፤ አልመለስ አለኝ። ከሰው አንደበት የወጣ የአማርኛ ንግግር ወደ እንግሊዝኛ ቢሄድ እንኳ አጥንቱ ይታወቃል፤ የእነዚህ ሰዎች ንግግር ግን የአንድ ደራሲ ድምፅ ነው፣ ሁሉም በአንድ አፍ ይናገራሉ። ንጉሡ የሚጠሩባቸው የተደራረቡ የማዕረግ ስሞች በቤተ መንግሥታችን “ጃንሆይ” እና “ግርማዊነታቸው” ሲባል የኖረውን አይመስሉም። የንጉሡ ትንሽ ውሻ በባለሥልጣናት ጫማ ላይ ስትሸና ጫማውን መጥረግ ብቻ ሥራው የነበረ አንድ አገልጋይ አለ፤ ለዚህ ምስክሩ ያው ስሙ የማይታወቅ ሰው ነው። ንጉሡ የተጻፈ ነገር የማያነቡ እንደ ነበሩም ተጽፏል። የሕይወት ታሪካቸውን “ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ” ብለው በአማርኛ የጻፉ፣ መጽሐፋቸውም ኤድዋርድ ኡለንዶርፍ በተባለው ሊቅ ተተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1976 በእንግሊዝኛ የወጣ ንጉሥ ናቸው፤ ይህም የካፑሺቺንስኪ መጽሐፍ ከመታተሙ ሁለት ዓመት በፊት መሆኑ ነው።

በጊዜው የፖላንድ አንባቢዎች መጽሐፉን ስለ ራሳቸው ገዥዎች የተጻፈ ምሳሌ አድርገው እንዳነበቡት ይነገራል፤ እኔም እንደ ምሳሌ ሳነበው እጅግ አደንቀዋለሁ። ሽፋኑ ላይ “ልብ ወለድ” የሚል አንድ ቃል ቢኖር ኖሮ ዛሬ ከላይ ከጠቀስኳቸው ሁለት መጻሕፍት ጎን አቁሜ አወድሰው ነበር። ነገር ግን “ተረት ተረት” ሳይለን ተረት ነገረን። ይህን የምለው ንጉሡን ለመከላከል አይደለም። የወሎ ረሃብ በዚያ መንግሥት መደበቁ እውነት ነው፤ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ለዓለም ያሳየው ፊልም፣ ደርግም ንጉሡን ከማውረዱ በፊት ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር አቀላቅሎ በቴሌቪዥን ያሳየው ቅጂ የታሪክ አካል ነው። የሞቱት ወገኖቻችን እውነተኛ በመሆናቸው ነው በአጠገባቸው የሚቆመው ምስክርነት ሁሉ እውነተኛ እንዲሆን የምፈልገው። አንድ አንባቢ የጫማ ጠራጊውን ታሪክ ሐሰት ሆኖ ቢያገኘው በሚቀጥለው ምዕራፍ ያለውን የወሎን ረሃብ ለምን ያምናል?

ይህ ጥንቃቄ ከፈረንጅ የተማርነው አይደለም። እዚህ አጠገባችን በሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው መቶ ዓመት የተጻፈው የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል፣ ለገዳሙ የተሰጡት መጻሕፍት በዝርዝር የተመዘገቡበት ነው። ዛሬ በየቢሮው የምንጠራው “ሰነድ” የሚለው ቃላችንም ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን፣ በእስልምናው የሐዲስ ትምህርት አንድ ቃል ከማን ለማን እንደ ተላለፈ በስም የሚቆጠርበት ሰንሰለት መጠሪያ ነው። ጌታ፣ ዳና፣ ጀማ ንጉሥ በተባሉት የወሎ የእስልምና ትምህርት ስፍራዎች የተቀመጡ ደረሶች ቃሉን ብቻ ሳይሆን የተሸከሙትን ሰዎች ጭምር ሲያጠኑ ኖረዋል። ሰንሰለቱ የተበጠሰ ቃል ምንም ቢያምር ደካማ ይባላል።

ወደ አራተኛው መጽሐፍ ስደርስ እንደ ቀደሙት ዓይነት ውበት አትጠብቁ እላችኋለሁ። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳተመው “ድህነትና ረሃብ” በሠንጠረዥና በቀመር የተሞላ፣ ቀስ ብሎ የሚነበብ መጽሐፍ ነው። ሴን የኖቤልን የምጣኔ ሀብት ሽልማት በ1998 አግኝቷል። በቤንጋል እ.ኤ.አ. በ1943 ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ እርሱ ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር፤ ለሚለምኑት ለእያንዳንዳቸው በሲጋራ ቆርቆሮ አንድ አንድ ስፍር ሩዝ እንዲሰጥ በቤተሰቡ ተፈቅዶለት እንደ ነበር በትዝታው ጽፏል። በጣሳ ሰፍሮ የሰጠ ወይም የተቀበለ የወሎ ሰው ያን ቆርቆሮ በእጁ ይዞ ያየዋል።

በመጽሐፉ ከቤንጋል፣ ከሳህልና ከባንግላዴሽ ረሃብ ጋር አንድ ምዕራፍ ስለ እኛ ነው፤ ስለ 1965 እና 1966 ዓ.ም.። የ1964 ክረምትና የ1965 በልግ በወሎ ምን እንደ ሆኑ ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። የተለመደው ትምህርት ዝናብ ጠፋ፣ እህል ጠፋ፣ ሰው ተራበ የሚል ነው። ሴን በመካከሉ ያለውን ቃል ይጠይቃል። በአገሪቱ በጠቅላላው የነበረው የእህል መጠን ያን የሚያህል ረሃብ በሚያስከትል ሁኔታ አልቀነሰም ነበር ይላል። ከዚያም የደሴን የገበያ ዋጋ ያቀርባል፤ ሰው በሚሞትበት በዚያ ዓመት በደሴ የብዙው እህል ዋጋ ከቀደሙት ዓመታት ያን ያህል አልወጣም። ይባስ ብሎም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የሚወጣ እህል እንደ ነበር ይጠቅሳል።

ይህን ሳነብ የሮኩ መምህር ቃል ትዝ አለኝ፤ በአንዱ ደሴት የሚዘንበው በሌላው ድርቅ ይሆናል ያለው። ሴን ግን ምሳሌ አልተናገረም፤ መንገዱን አሳየ። ሰው እህል የሚያገኘው እህል በአገር ስላለ ብቻ እንዳልሆነ፣ በመሬቱ፣ በጉልበቱ፣ በከብቱ ወይም በሙያው ለውጦ ሊያገኘው የሚችለው ነገር ሲኖረው ብቻ እንደሆነ ያስረዳል። አራሹ አዝመራው ሲጠፋበት የሚበላው ብቻ ሳይሆን የሚሸጠውም ይጠፋል፤ ስለዚህ ገበያ ወጥቶ ዋጋ አያስወድድም። በሴን አባባል የገበያው ዋጋ ያልወጣው ሕዝቡ ስላልተራበ ሳይሆን የተራበው ሕዝብ ገንዘብ ስላልነበረው ነው። አርብቶ አደሩ አፋር ደግሞ ሁለት ጊዜ ተመታ። በአዋሽ ሸለቆ በበጋ የሚያሰማራበት መሬት በጥጥና በሸንኮራ እርሻዎች ተይዞበት ነበር፤ ድርቁ ሲመጣ ከብቱ አለቀ፣ የተረፈውም በገበያ የሚያወጣው እህል አነሰ።

ከዚህ ምዕራፍ ጋር የማልስማማበትም አለ። የደሴ ዋጋ የደሴ ዋጋ ነው። ከተማችን በአዲስ አበባና በአስመራ ዋና መንገድ ላይ የተቀመጠች ናት፤ ከመንገዱ ርቀው ላስታና ዋግ ገደል ሥር ያሉት ቀበሌዎች፣ እህል በአህያ ቀናት ተጉዞ የሚደርስባቸው ገበያዎች፣ ዋጋቸው ከደሴ ጋር አንድ ነበር ብዬ ለመቀበል ይከብደኛል። እንዲህ ያለ ጥያቄ በሊቃውንትም ዘንድ ተነሥቷል። ይሁን እንጂ ይህን ክርክር ልከራከረው የቻልኩት ሴን ቁጥሩን ከየት እንዳመጣው፣ የየትኛው ከተማ እንደሆነ፣ ምን እንደሚያሳይና ምን እንደማያሳይ በግልጽ ስላስቀመጠው ነው። በሦስተኛው መጽሐፍ የገጠመኝ ሌላ ነበር፤ የምከራከርበት መሬት አልነበረኝም፤ ማመን ወይም አለማመን ብቻ ቀረልኝ።

እናቴ በ1965 ዓ.ም. በዚህ ከተማ ጥጥ እየፈተለች ለሸማኔ የምትሸጥ ወጣት ሴት ነበረች። ስለዚያ ዓመት ስትጠየቅ ከልጅነቴ ጀምሮ የምትመልሰው አንድ ነገር ነበር፤ “እህሉማ ነበር፤ እጅ ነው ያጣነው።” እኔም የተማርኩት መጽሐፍ ዝናብ ጠፋ፣ እህል ጠፋ ይል ስለ ነበር፣ እናቴ ዘመኑን አደባልቃው ነው ብዬ ለብዙ ዓመታት ዝም ብያታለሁ። ያን ምዕራፍ በጨረስኩ ማግሥት ወደ ቤቷ ሄጄ፣ ቡና እስኪፈላ ድረስ እያንዳንዱን ገጽ በአማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላት። አላቋረጠችኝም። የተቸገሩት እነማን እንደ ነበሩ ወደሚዘረዝረው ስፍራ ስደርስ ግን በእጇ አስቆመችኝ። በዚያ ዝርዝር አፋሮች አሉ፤ ጭሰኞችና ትንሽ መሬት ያላቸው ገበሬዎች አሉ፤ የቀን ሠራተኞች፣ በሰው ቤት የሚያገለግሉ ሴቶች፣ ሸማኔዎችና ሌሎች የእጅ ባለሙያዎች አሉ።

“ፈታይስ?” አለችኝ።

ሸማኔን ጠቅሶ ፈታይን ለይቶ እንዳልጠራ ነገርኳት። “ሸማኔው ሸማ የሚገዛው ካጣ ከእኔ ፈትል ይገዛል እንዴ? ከእርሱ በፊት የጾምኩት እኔ ነኝ” አለች። ከዚያም ስኒዋን አስቀምጣ ፈትሏን ይገዛት የነበረውን የሸማኔውን ስም፣ ሰፈሩን፣ አንድ ልቃቂት ከዚያ ዓመት በፊት ስንት ያወጣ እንደ ነበር፣ በዚያ ዓመት በስንት እንደ ሸጠችው፣ በኋላም የሚገዛት እንዳጣች በየተራ ነገረችኝ። በሴን መጽሐፍ ጀርባ ላይ ባለው ባዶ ወረቀት ጻፍኩት፤ ከሥሩም ቀኑንና የነገረችኝን ሰው ስም አኖርኩ።